ፉል፣ ፉድ እና ፉት

ወለላ ከመተማ ወደ ደባርቅ ስትመለስ ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል። ከባሏ ጋር በሰላም ተለያይተው እሱ እዚያው ቆላ ቀረ፤ እሷ አንድ ሻንጣና አንድ ሙያ ይዛ ደጋ ወጣች። ሙያዋ ፉል መሥራት ነው። ያስተማረቻት ድንበሩ ላይ ጎረቤቷ የነበረች አንዲት ሱዳናዊት ናት። ባቄላውን ምን ያህል እንደሚዘፈዝፉት፣ በምን ዓይነት እሳት እንደሚያንተከትኩት፣ ዘይቱንና ከሙኑን መቼ እንደሚጨምሩበት ከባለቤቶቹ እኩል ታውቅ ነበር። ደባርቅ ደግሞ ባቄላ የሞላበት አገር ነው።

«ባቄላው እዚህ፣ ብርዱ እዚህ፣ እኔም እዚህ፤ ታዲያ ምን ቀረ?» አለችና ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ቁርስ ቤት ከፈተች።

አባቷ አያ የሻው ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን በቁጣ ነበር የሚገልጹት። አያ የሻው ወጌሻ ናቸው። በደህናው ዘመናቸው ከዳባትም ከጃናሞራም እጁ የወለቀ፣ እግሩ የዞረ ሁሉ በቃሬዛም በበቅሎም ወደሳቸው ይመጣ ነበር። አሁን ሆስፒታል ቀርቧል፤ ሰዉ ራጅ ይነሳል፣ ጄሶ ይታሰርለታል። እሳቸው ይህን አልጠሉትም። «አጥንቱ የተሰበረማ እዚያው ይሂድ። እኔ በመዳፌ ዳብሼ የማገኘውን እነሱ በመብራት ያዩታል» ይሉ ነበር። ብቻ እጃቸው ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ከበሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ወንበሮች እግር እየነቀነቁ «ይቺ ወልቃለች፣ ይቺም ላልታለች» ሲሉ ይውላሉ።

ቤቱ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት አንድ ታፔላ ጎደለው። የአገሬው ሰው ያለ ታፔላም ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ተራራ ሊወጡ የሚመጡት ፈረንጆች ግን ቀዝቅዟቸው፣ ርቧቸው፣ በበሩ ፊት ዝም ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ወለላ ድስት ልትገዛ ጎንደር የወረደች ጊዜ አራዳ አካባቢ አንድ ታፔላ ጻፊ ቤት ገባች።

ሰውየው አስናቀው ይባላል። ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀለም የጠጡ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው።

«ምን ይጻፍልዎ?» አላት።

«ጥሩ ፉል። በእንግሊዝኛ ይሁን።»

«በእንግሊዝኛ ጥሩ… ጉድ ነው።»

«ምኑ ነው ጉዱ?»

«አይ፣ እነሱ ጥሩ የሚሉትን ነገር ጉድ ነው የሚሉት ማለቴ ነው።»

ወለላ ሳቀች። «እንግዲያ ጉድ ፉል ብለው ይጻፉልኝ። የእኔን ፉል የቀመሰ ሁሉ የሚለው እንደዚያው ነው።»

ጉድ የሚለውን ቃል አስናቀው አሳምሮ ያውቀዋል፤ በስንት ሆቴል ግድግዳ ላይ ጽፎታል። ጂ፣ ሁለት ኦ፣ ዲ። ፉል የሚለውን ግን ጽፎ አያውቅም። ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ትንሽ አሰበ። ጉድ ሲባል «ኡ» የሚለውን ድምፅ የሚያመጡት መሀል ያሉት ሁለቱ ኦዎች ናቸው። ፉልም በኤፍ ተጀምሮ፣ ሁለት ኦ ገብቶበት፣ በኤል ቢያልቅ ፉል ይላል። በቢጫ መደብ ላይ በቀይ ቀለም አሳምሮ ጻፈው። ታፔላው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ደባርቅ ገባና ከበሩ በላይ ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወለላ ራሷም ማመን አቃታት። በበሩ ፊት ዝም ብለው ያልፉ የነበሩት ፈረንጆች ይቆሙ ጀመር። ቀና ብለው ያነባሉ፤ ይስቃሉ፤ እርስ በርስ እየተጠራሩ ከታፔላው ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ባል ሚስቱን ሥሩ ያቆማታል፤ እሷ ደግሞ በተራዋ እየገፋች ታቆመዋለች። ከዚያ ይገቡና ይበላሉ፤ ሲበሉም ይወዱታል። አለኸኝ የሚባለው ወጣት አስጎብኚ በተለይ፣ ይዟቸው የመጣውን ቡድን ሁሉ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት ወደሷ ማምጣት ልማዱ ሆነ።

«ፈረንጅ እንዲህ ሳቂታ መሆኑን አላውቅም ነበር» ትላለች ወለላ።

እንግዳ ተቀባይ ናትና እሷም ከነሱ ጋር መሳቅ ጀመረች። በሩ ላይ ቆማ፣ ወደ ውስጥ እጇን ዘርግታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ጉድ ፉል! ጉድ ፉል!» እያለች ትቀበላቸዋለች። እነሱ ደግሞ ሲወጡ ደረታቸውን እየነኩ «ጉድ ፉል» ይሏታል። አያ የሻው ሳይቀሩ አንድ ቀን ከወንበራቸው ሳይነሡ ለአንድ ረጅም ፈረንጅ «ጉድ ፉል» ብለውት፣ ሰውየው ሳቁ ገፍቶት መሬት ላይ ተቀመጠ።

አንድ ማለዳ ግን ባርኔጣ ያደረጉ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ወደ ቤቱ መጡ። ወለላ እንደ ልማዷ ዝቅ ብላ፣ እጇን ወደሳቸው ዘርግታ «ጉድ ፉል!» አለቻቸው። ሴትዮዋ ታፔላውን አላዩም፤ ያዩት የወለላን ጣት ነው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ወዲያው ዞረው ሄዱ።

አለኸኝ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላ ነበር። ወለላ ከፊቱ ቆመች።

«ምን አድርጌያቸው ነው?»

«ምንም።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

አለኸኝ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ዳቦውን ፉሉ ውስጥ ነክሮ እዚያው ረሳው። «እታለም» አለ በመጨረሻ፣ «ፉል ማለት በእንግሊዝኛ… ፉል አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሞኝ ነው።»

ወለላ ቃሉን በከንፈሯ ደገመችው። ከዚያ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ መጣባት። ፎቶው፣ ሳቁ፣ በሩ ላይ ቆማ እንግዶቿን አንድ በአንድ ሞኝ እያለች ማስገባቷ።

«ጥሩ ሞኝ ነው የሚለው?»

«ጥሩ ይላል እኮ፣ ጥሩ…»

«አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ?»

«ገበያሽ ሲደራ አየሁና…»

ወለላ መልሱን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። እስከ ግማሽ ድረስ የተበላውን ሳህን ከፊቱ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ቤቱ ከረፋዱ ጀምሮ ተዘጋ።

«ምነው ተዘጋ?» አሏት አያ የሻው።

ነገረቻቸው። አያ የሻው መጀመሪያ አዘኑ፤ ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። እሷ ስታኮርፍ ጊዜ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ በዚህች አገር ስንቱ ብልጥ ነኝ ባይ አለ። ፈረንጅ ተሰልፎ ቤቱ የሚገባው ግን አላየሁም።»

«አባየ፣ ተወኝ።»

«እሽ፣ ተውኩሽ። ጻፊውን ግን ሂጂና አናግሪው። ሳታናግሪው ቂም አትያዥበት።»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጎንደር ወረደች። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ የምትሰድበውን ስድብ እየመረጠች ነበር። አስናቀው ቤት ስትገባ ሰላምታም አልሰጠች፣ እርስዎም አላለች።

«አንተ! ሞኝ ብለህ በሬ ላይ ሰቀልክብኝ?»

አስናቀው ብሩሹን አስቀመጠ። ነገሩን አስረዳችው። እሱም ከመደርደሪያው ሥር ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት አውጥቶ ገለጠ፤ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ከዚያ ባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እግዚኦ» አለ። «እውነትሽን ነው። ሞኝ፣ ጅል፣ ቂል… ሦስት ዓይነት ሞኝ ነው የሚለው።»

ወለላ የመረጠችውን ስድብ ለማውጣት አፏን ከፈተች። ሰውየው ግን ራሱን ይዞ በሩን አሻግሮ ወደ መንገዱ ያያል።

«እኔ እንግሊዝኛ በዓይኔ እንጂ በጆሮዬ አልተማርኩም» አለ። «ከካርቶን ላይ፣ ከአውቶቡስ ጎን እያየሁ ነው የለመድኩት። እንጃ፣ በዚህ ከተማ ላይ ስንት ሰው ሰድቤ ይሆን? ያ ባለ ጋራዥ… ያ ባለ ፀጉር ቤት…»

ወለላ ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታው ወደ ሳቅ ሄደ። እሱም እሷን አይቶ ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ሌላ ሰው እንደሚመስል ልብ አለችው።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት። «ያጠፋሁትን ላሳይሽ።»

በጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ አቀረበና በጠመኔ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ጻፈ።

«እነዚህ ሁለቱ ኦዎች መሀል ይቀመጣሉ፤ እንደ ዓይን በያቸው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፊደል ይቆማል፤ እንደ ጆሮ። በጠቅላላው አራት ፊደል ናቸው። ዓይኖቹ አይለወጡም። ጆሮውን ስትለውጪው ግን ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ይኸው፣ ፉል ሞኝ ነው። የመጨረሻዋን ጆሮ በዲ ብለውጣት ፉድ ትሆናለች፤ ምግብ።»

«አንዷን ብቻ?»

«አንዷን ብቻ። በቲ ብትለውጫት ደግሞ ፉት ነው።»

«ፉትማ የእኛ ነው። ጠላ ፉት ማለት።»

«የነሱ ፉት እግር ነው።»

ወለላ ወንበሯን ወደ ቆርቆሮው ሳበች። «ሌላስ?»

አስናቀው እየጻፈ ቀጠለ። ኩል ቀዝቃዛ ነው አላት፤ እሷም «ዓይን የሚኳሉትን?» አለች። ኩክ ምግብ አብሳይ ነው ሲላት «እኔን ጆሮ ውስጥ የሚገኝ ቆሻሻ ነው የሚሉኝ?» ብላ ጮኸች። ውል የበግ ጠጉር፣ ሉክ ተመልከት፣ ሩት የዛፍ ሥር። ጨረቃዋ ሙን፣ እኩለ ቀኑ ኑን፣ ጣሪያው ሩፍ። እሱ ከመዝገበ ቃላቱ ትርጉሙን እየፈለገ ያነባል፤ እሷ እየተቀበለች ከአማርኛው ጋር ታጋጫለች። ቀለም ሊገዛ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢያያቸው ተመልሶ ሄደ፤ ሁለቱም አላዩትም።

«በር ደግሞ ዶር ነው» አለ አስናቀው።

«ምነው፣ ሁለት ዓይን አለው እኮ። ዱር አይባልም?»

አስናቀው መጽሐፉን አየ፤ ቆርቆሮውን አየ፤ ራሱን አከከ። «ይባል ነበር። ግን አይባልም።»

«በሩን ከፍቶ ዱር ውስጥ መግባት ከብዷቸው ይሆናል» አለች ወለላ።

እስከ ምሳ ሰዓት እንዲህ ቆዩ። ሊለያዩ ሲሉ አስናቀው በመጪው ቅዳሜ ቀለሙን ይዞ ደባርቅ ድረስ እንደሚመጣና ያቺን ኤል እንደሚያስተካክላት ቃል ገባ። ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቃላቱን እንዳትረሳቸው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግማቸው ነበር። ለእያንዳንዱ መያዣ አበጀችለት። ሩት የምትባለው ጎረቤቷ የድንች ዘር ስለምትሸጥ፣ ሩት ሥር። ጠላ ፉት ያበዛ ሰው እግሩ ስለሚከዳው፣ ፉት እግር። አጠገቧ የተቀመጡ ቄስ ጸሎት የምታደርስ መስሏቸው በአክብሮት ዝም አሉላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ገበያ ነበርና መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። አስናቀው መሰላል ተውሶ ታፔላው ዘንድ ወጣ። መጀመሪያ ኤሏን ከነአካቴዋ በቢጫ ቀለም ሸፈናትና እስክትደርቅ ጠበቀ። «ጉድ ፉ» ብሎ የቀረውን ታፔላ ለማየት ገበያተኛው ቆመ። አያ የሻው ወንበራቸውን ፈቀቅ አድርገው አንገታቸውን አቀኑ። አለኸኝ ብቻ አልነበረም፤ ቡድን ይዞ ከተራራው ላይ ነው።

በዚህ መሀል አንዲት ወጣት ፈረንጅ ሴት ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ እየሮጠች መጣች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው። ማንም የለመደውን እንግሊዝኛ አልነበረም የምትናገረው፤ የራሷ ቋንቋና እንግሊዝኛው ተደበላልቀውባታል። ሰዉን እያየች ወደ ወንዙ ታመለክታለች፤ ደጋግማ «ፉት! ፉት!» ትላለች።

«ውሃ ጠምቷት ነው» አለች አንዲት ሴት። «ፉት ልበል ነው የምትለው፤ አማርኛ ትችላለች!»

ውሃ በጣሳ ቀረበላት። ገፋችው። ሌላው ጠላ ይሻላታል ብሎ ጠላ አመጣ። ይህንንም ገፋችና ማልቀስ ጀመረች።

«ርቧት ነው» አለ ከሰዉ መሀል አንድ ተማሪ። «ፉድ ነው የምትለው፤ ምግብ! ታፔላውን አይታ ነው የመጣች።» ሰዉ ክንዷን ይዞ ወደ ቤቱ ጎተታት፤ ወንበር ሳቡላት። ልጅቱ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። አስናቀው መሰላሉ ላይ እንዳለ ግራ ገብቶት ያያል፤ ቃሉ ተጽፎ ቢያየው ያውቀው ነበር፤ በጆሮው ሲሰማው ግን አልያዘውም።

ወለላ ፉል የጨመረችበትን ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ልጅቱ ሳህኑን ስታይ «ፉት!» ብላ ጮኸች፣ በምሬት። ወለላ ቆመች። ሚኒባሱ፣ ቄሱ፣ ጠላ አብዝቶ የሚወላገድ ሰው… ሳህኑን ላንዱ አቀብላ ጎንበስ አለችና የገዛ ራሷን ቁርጭምጭሚት ያዘች።

«ፉት?» አለቻት።

ልጅቱ ቀልቧ ተመለሰ። አዎ፣ አዎ እያለች እሷም ቁርጭምጭሚቷን ያዘች፤ ከዚያ ረጅም ሰው መሆኑን በእጇ አሳይታ ወደ ወንዙ አመለከተች።

«እግር ነው!» አለች ወለላ። «ከታች እግሩን የተጎዳ ሰው አለ። አባየ!»

አያ የሻው ተነሥተው ነበር። እንዲያ ቀልጠፍ ብለው ሲነሡ ወለላ ካየቻቸው ቆይታለች። አስናቀው ከመሰላሉ ዘሎ ወርዶ ክንዳቸውን ያዘ፤ ከገበያተኛው ጥቂቱ ተከተለ።

ሰውየው ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወጣት ነው፣ እግሩ ረጅም፤ ጫማውን አውልቆ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን እያየ ላብ በላብ ሆኗል። አያ የሻው አጠገቡ ተንበረከኩ።

«ይህ እግር ነው ሞፈር?» አሉ።

መዳፋቸውን ቀስ ብለው አሳረፉበት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።  በአውራ ጣታቸው አጥንቱን ከላይ እስከ ታች እየተከተሉ ዳበሱት።

«አልተሰበረም» አሉ። «ወለም ብሎት ነው። ስቦ መመለስ ነው። ግን እግሩን ገትሮ ይጠብቀኛል፤ ቢዘናጋልኝ ሸጋ ነበር። ወለላ፣ ወዲያ እይ በይልኝ።»

ወለላ አላመነታችም። በሩቁ ወደሚታየው የስሜን ተራራ እጇን ቀስራ፣ ገደል ላይ የሚያስደንቅ ነገር ያየች ያህል ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ሉክ!» ብላ ጮኸች።

ሰውየው ዞረ። ልጅቱም ዞረች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ተራራውን አየ። በዚያች ቅጽበት አያ የሻው እግሩን በሁለት እጃቸው ሳብ አድርገው ጠመዘዙት። ሰውየው የጮኸው ጩኸት ወንዝ ዳር ያሉትን አህዮች አስደነበረ። ከዚያ እግሩን አየ፤ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና የአያ የሻውን እጅ ይዞ ሳመው።

«ተው፣ ተው፣ የምን መሳም ነው» አሉ አያ የሻው፤ ድምፃቸው ግን ሰልሏል። በቅቤ አሽተው፣ ወለላ ከነጠላዋ ቀድዳ በሰጠቻቸው ጨርቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩለት። «አሁን ሆስፒታል ወስዳችሁ ራጅ አስነሡት» አሉ። «መዳፌ አርጅቷል፤ መብራቱም ይየው።»

በባጃጅ ወሰዱት። ስብራት የለውም፣ ይረፍ ተባለ። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ወለላ ቤት ተቀምጠው ፉሉን በዳቦ እየጠረጉ በሉ። ከፖላንድ እንደመጡ፣ ያለ አስጎብኚ ለአንድ ቀን ብቻ በከተማው ዙሪያ ሊሄዱ እንደነበረ አንድ መምህር ተረጎመላቸው። የሰውየው እግር እስኪጠና ደባርቅ ሰነበቱ፤ በየማለዳው አያ የሻው ያሹታል፣ እሱ የራሱን ቋንቋ ያወራላቸዋል፣ እሳቸው አማርኛቸውን፤ አንዱ ለሌላው በየመሀሉ «እህ» ይላል።

ያን ቅዳሜ ቀለሙ እስኪደርቅ ብዙ ጊዜ አልፎ ነበርና አስናቀው ዲዋን የጻፋት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከዚያ ብሩሹን አላጠበም።

«አያ የሻው፣ በዚህ በጎኑ ግድግዳ ደግሞ ለእርስዎ ጉድ ፉት ብዬ ልጻፍልዎ? በነጻ ነው።»

«አይሆንም» አሉ ሽማግሌው። «እጅ እግዜር የሰጠው ነው፤ ቀለም አይቀቡትም። ደግሞ አንተ የጻፍከውን ሳያስመረምር የሚያሰቅል ሰው…» ቀሪውን ሳቅ ወሰደው።

ሳይጻፍም ወሬው ተዳረሰ። እግሩ የዞረ በግ ጠባቂም፣ ከተራራ ሲወርድ ወለም ያለው ፈረንጅም ወደዚያች ቁርስ ቤት እየጠየቀ ይመጣ ጀመር። አያ የሻው ስብራት የጠረጠሩትን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፤ ሌላውን በፀሐዩ ላይ ያሻሉ። ወንበሮቹ ከዚያ ወዲህ በሰላም ቆሙ። አለኸኝም ከተራራ ወርዶ ሳህን እስኪቀርብለት ድረስ ስንት ቀን ደጅ ጠና፤ ወለላ ይቅር ያለችው አዲስ ቃል ባመጣላት ቁጥር ቁርስ እንደምታቀርብለት ተስማምተው ነው። እሱም ባለ ሁለት ዓይኑን ቃል ሁሉ እየለቀመ ያመጣላት ነበር።

አስናቀው መምጣቱን አልተወም። አንድ ጊዜ ዝናቡ ቀለሙን ነክቶት እንደሆነ ልይ አለ። ሌላ ጊዜ መሰላሉን ያዋሰኝን ሰው ላመስግን አለ። ሦስተኛው ላይ ምክንያት አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ባቄላ ይለቅምላታል፤ እሷ ድምፁን ታሰማዋለች፣ እሱ ፊደሉን ያሳያታል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ እንዲህ ብዙ ያወራበት ጊዜ እንደሌለ አንድ ቀን ነገራት። እሷም ብቻዋን መሆኗን ለምዳው እንደነበር፣ አሁን ግን ቅዳሜ ሲቀርብ በማለዳ እንደምትነሣ ነገረችው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎች ላከ። አያ የሻው ኮስተር ብለው ተቀበሏቸው፤ አገሩንም ዘሩንም ጠየቁ፤ በመጨረሻ «እኔ የሷን አሳብ አላውቅም፤ ራሷን ጠይቋት» አሉ። ወለላ ወዲያው አልመለሰችም። አንድ ትዳር ፈርሶባታልና ቸኩላ ቃል መስጠት አልፈለገችም። ሳይነግራት ጎንደር ወርዳ የሚኖርበትን ቤት አየች፤ ጎረቤቶቹን አነጋገረች። አከራይ ሴትዮዋ ስለ ደግነቱ ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስትመለስ ለአባቷ «እሽ በላቸው» አለች።

አስናቀው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ደባርቅ የመጣው በኅዳር ነው። ዕቃውን የጫነው አይሱዙ ዳባትን እንዳለፈ ባልተጠበቀ ሰዓት በረዶ ወረደ፤ ቀለሙም ፍራሹም ራሱም ረጥቦ ደረሰ። ወለላ ከጎረቤት ጋር ወጥታ ጣሳዎቹን ታወርድ ጀመር። አንዱ ጣሳ ክዳኑ ተከፍቶ ሰማያዊው ቀለም እጇ ላይ እስከ ክርኗ ፈሰሰ። አስናቀው ሊጠርግላት በራሱ የረጠበ እጅጌ ሲሞክር የባሰ አደረገው። ሁለቱም በረዶው መሀል ቆመው እስኪታክታቸው ሳቁ። አያ የሻው ከውስጥ ሆነው «ምነው እናንተ፣ ግቡ እንጂ፣ ብርድ ይጨርሳችሁ!» ሲሉ ተጣሩ።

«መጣን» አለች ወለላ፤ የፍራሹን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዘው ገቡ።